የፓዲስኔት ዐውደ ርእይ ዕቅድ፦ ሦስተኛው ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ሐሙስ ይዘጋል። ዋናው ሐሳብ ያው ነው፤ ፓዲስኔትን፣ ማለትም የኢሲኤን (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን) የቀድሞ የኢሜይል መረብ ማሳየት። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች በሞደም እናገናኝና አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ለንደን ሆኖ በፊዶኔት (ኮምፒውተሮች በስልክ እየተደዋወሉ መልእክት በሚለዋወጡበት መረብ) ኢሜይል ሲለዋወጡ ሕዝቡ ይይ። ቴሌ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ከማስገባቱ በፊት ከኢሲኤ የሚወጣው መልእክት ተጠራቅሞና ታምቆ ይቆይ ነበር፤ ስልክ ሲገናኝ ባንዴ ይላካል፤ ለንደን ያለው ግሪንኔት የተባለው የኮምፒውተር መረብ ድርጅት ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት ያሻግረው ነበር። አስተያየት ያለው ይጻፍ።

ኦፕሬተር፦ ረቂቁ ውስጥ ባለው የመስመሩ ካርታ ላይ ቀስቱ ከለንደን ወደ አዲስ አበባ ነው የተሳለው። ይገልበጥ። ጽፈን የላክነው እኛ ነን።

ከለንደን፦ ቀስቱ ማን ለማን እንደደወለ ነው የሚያሳየው። የደወለው ወገን ያለውን አስረክቦ የሚጠብቀውን ይዞ ይዘጋል፤ ሂሳቡም የእሱ ነው።

ኦፕሬተር፦ ሌሊት መስመሩ በተቆረጠ ቁጥር እንደገና ያስደወልኩት እኔ ነኝ። አንተ ያኔ የት ነበርክ?

ሞደም (የአባላችን ቅጽል ስም)፦ ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ይሁንና እንለፍ።

ኦፕሬተር፦ አይሆንም። ማሸማገል አልጠየቅኩም።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሞደም መግዣ ቃል ከተገባው ግማሹ እንኳ አልገባም። እናንተ ቀስት ላይ ናችሁ።

ሞደም፦ መታየት ያለበት አድራሻው ነው። ፊዶኔት በቁጥር ይሄዳል፣ አፍሪካ ዞን 5 ነበረች፤ ኢንተርኔት ደግሞ በስም። መተላለፊያው ላይ አንዱ ወደ ሌላው ካልተለወጠ መልእክቱ መድረሻ የለውም። የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች መረብ ጃኔትማ ከአገር ስም ጀምሮ ገልብጦ ነበር የሚጽፈው፤ መጨረሻው ላይ «ሲኤስ» ያለበት የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል አድራሻ፣ «ሲኤስ» የአገር ኮዷ ከነበረው ከቼኮዝሎቫኪያ ጋር ይምታታ ነበር። የደቡብ አፍሪካው ሮድስ ዩኒቨርሲቲ መልእክትም ከግራሃምስታውን በፊዶኔት አሜሪካ፣ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ የኔትወርክ ባለሙያው ራንዲ ቡሽ ዘንድ ደርሶ ነበር ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው። ይሄ ሁሉ አንድ ሰሌዳ ይገባዋል።

ኦፕሬተር፦ ስለ ብሪታንያ ማን ጠየቀ? የኛ ታሪክ ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ ነው የሚሳለው። ስሜ ከረቂቁ ይውጣ።

ከለንደን፦ ጋሼ፣ የእርስዎን ድካም የካደ የለም። ቀስቱ ይገልበጥ፣ እኔ አልከራከርም።

ኦፕሬተር፦ እሺ። ስሜ ይቆይ።

ሐኪም፦ ሄልዝኔት፣ የሐኪሞቹ የኢሜይል መረብ፣ የት ገባ? ለሐኪሞች የሠራው ሥራ ተዘሎ እኔ አላዋጣም።

ጸሐፊ፦ ይጨመራል። ፍሎፒዎቹን እገለብጣለሁ ያለው ወንድማችን የት ደረሰ? ዲስኮቹ እሱ ጋ ናቸው።

ጸሐፊ፦ አሁንም መልስ የለም። ስልኩም አይነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ ፍሎፒ ከሌለ፣ ሞደም ካልተገዛ የሚሠራ ማሳያ የለንም። ያለው ብር ለአንድ ባነር ይበቃል።

ሞደም፦ ለባነር አይደለም ያዋጣሁት!

ጸሐፊ፦ አራተኛው ረቂቅ፦ ካርታው በባነር፣ ከጎኑ የኦፕሬተሮች ፎቶና የሄልዝኔት ሰሌዳ። ማሳያው ገንዘብ ሲሟላ። ጠብ እንዳይነሳ ቀስቱ ወጥቶ መስመር ብቻ ይሁን።

ኦፕሬተር፦ ያለ ቀስት አልፈርምም።

ገንዘብ ያዥ፦ የባነር ዋጋ ከሁለት ማተሚያ ቤት ጠይቄ ሰኞ እለጥፋለሁ። ያልከፈላችሁ እስከዚያ ክፈሉ።