በሐምሌም በገናም ወደ ባሌ ተራሮች፦ በየትኛው ወቅት የቱን እንይ?

ጠያቂ (ከፍራንክፈርት)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? በመጪው ዓመት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሁለት ጊዜ ወደ አገር ቤት ለመምጣት አስበናል። አንደኛው ጉዞ የልጆቹ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፈረንጆች ገና ጀምሮ የእኛን ገና አዲስ አበባ አክብረን የምንመለስበት ነው። በሁለቱም ጊዜ ጥቂት ቀናት ወስደን ወደ ባሌ ተራሮች መሄድ እንፈልጋለን። ሌላ ቦታ ሳንጨምር ወደ አንድ አካባቢ ሁለት ጊዜ መሄድ የፈለግነው፣ ልጆቹ ቢያንስ አንድ የአገራቸውን ክፍል በዝናብም በፀሐይም እንዲያውቁት ብለን ነው።

የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ «ተራራ በበጋ እንጂ በክረምት አይታይም፤ ገንዘባችሁን ጭቃ ላይ አትጣሉ» ይሉኛል። ይህ ለባሌም እውነት ነው? በሐምሌ ምን እንይ፣ ለገና ምን እናቆይ? ልጆቹ 9 እና 13 ዓመታቸው ነው። እናቴም አብረውን ቢመጡ ደስ ይለናል፤ 71 ዓመታቸው ሲሆን የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። የት ብናድር እንደሚሻል፣ ከፍታውም ለእርሳቸውና ለልጆቹ ይከብድ እንደሆነ የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ (አስጎብኚ፣ ከሮቤ)

እህቴ፣ ለዚያ ሰው ይበለንና እንኳን ደኅና መጡ ለማለት ያብቃን። ተወልጄ ያደግሁት ሮቤ ነው፤ የምተዳደረውም እንግዶችን በማስጎብኘት ነው። ባሌ ዓመቱን ሙሉ ይጎበኛል፤ ሆኖም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ጉብኝት አይሆንም። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ በደቡብ በኩል 1,500 ሜትር አካባቢ ከሚጀምረው የሐረና ደን አንሥቶ 4,377 ሜትር ከፍታ እስካለው እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ ይወጣል። በአንድ ቀን ከላይ ውርጭ፣ ከታች ሙቀት ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ እኔ እንግዶቼን የምመክራቸው፣ ወሩ አንዴ ከታወቀ በዚያ ወር የትኛው ከፍታ ላይ መዋል እንደሚሻል እንድንነጋገር ነው።

የባሌ ዝናብ እንደ አዲስ አበባ ሰኔን ጠብቆ አይገባም። ከመጋቢት ግድም ይጀምርና በመሐል ረገብ እያለ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ እውነተኛው በጋ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሳነቲ አምባ ብዙውን ጊዜ ጉም ይለብሳል፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ወጥተው የመኪናዎን አፍንጫ እንኳ የማያዩበት ቀን አለ። ነገር ግን ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ጠርቶ የሚነጋ ሲሆን ዝናቡ የሚጠነክረው ከቀትር በኋላ ነው። በዚህ ወቅት ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ መውጣት፣ ከሰዓት በኋላውን ደግሞ ለዕረፍት መተው ይበጃል።

ለሐምሌ የምመክርዎት ዲንሾንና የጋይሳይን ሜዳ ነው። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ሲመጡ መንገዱ ራሱ በጋይሳይ በኩል ስለሚያልፍ፣ ልጆቹ ገና ከመኪና ሳይወርዱ የደጋ አጋዘን መንጋ ሊያዩ ይችላሉ። ይህ ብዙዎች «ኒያላ» የሚሉት እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የለም፤ የሳይንሱ ዓለም እንኳ ያወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። በክረምት ሣሩ ለምልሞ ስለሚገኝ ሜዳው ላይ ተረጋግተው ሲግጡ ይውላሉ። ዲንሾ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለው የጥድና የኮሶ ጫካም አጋዘኑና ድኩላው ሰው ስለለመዱ፣ እናትዎ ሳይደክሙ ቀስ ብለው በእግር እየሄዱ በቅርብ ሊያዩአቸው ይችላሉ።

ሳነቲን ለገና ያቆዩት። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ እስከ አድማስ ድረስ ቆሞ ይታያል፤ ቀይ ቀበሮን ለማየትም ከዚያ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ የለም። በጠቅላላው ከቀሩት 500 ያህል ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ባሌ ነው። የሚኖሩት በቡድን ቢሆንም የሚያድኑት በየግላቸው ነው፤ የሚያድኑትም በቀን ስለሆነ ትዕግሥት ያለው ሰው በየትኛውም ወር ያያቸዋል። ለልጆቹ አንድ ነገር ያሳዩልኝ። ባሌ ብቻ የሚገኝ ትልቅ ፍልፈል አለ፤ ከጉድጓዱ ወገቡ ድረስ ብቅ ይልና በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ አጭዶ ወደ ውስጥ እየጎተተ ይመለሳል። ቀበሮው ይህን ሲያይ ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ ያነሣውን እግር ሳያሳርፍ ቆሞ፣ ፍልፈሉ ጀርባውን እስኪያዞር ይጠብቃል። መኪናውን አጥፍቶ፣ ከመኪና ሳይወርዱ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ማየት በርቀት ብዙ ከመንዳት ይበልጣል።

አደራ የምልዎትም አለኝ። በሳነቲ የሚያልፈው መንገድ ቀበሮዎቹ የሚመላለሱበት በመሆኑ ሾፌሩ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ይንገሩት፤ በመኪና ተገጭተው የሞቱ አሉ። ምግብ አይወርወርላቸው። ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በተለያዩ ጊዜያት ገብቶ ብዙዎቹን ስለፈጀ፣ ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መግባትም ፈጽሞ አይገባም። ዩኔስኮ ፓርኩን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሁላችንም ተደስተናል፤ ነገር ግን ጥበቃው ከእያንዳንዱ ጎብኚ ይጀምራል።

መልስ (የሕክምና ባለሙያ)

ስለ ከፍታው ልመልስ። የእናትዎን ጉዳይ ሊወስን የሚችለው የሚከታተሏቸው ሐኪም ስለሆኑ ከጉዞው በፊት ይጠይቋቸው፤ በተለይ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለ ይህ የግድ ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ ከሆነ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ሰውነታቸው 2,300 ሜትር አካባቢ ያለውን አየር ለምዷል። ከፍራንክፈርት በቀጥታ የምትመጡት እናንተ ከእርሳቸው ይልቅ ልትቸገሩ ትችላላችሁ። ስለዚህ አውሮፕላን በወረዳችሁ ማግስት ወደ ባሌ አትሂዱ፤ ሦስትና አራት ቀን አዲስ አበባ ዕረፉ።

ለማደሪያ ሮቤን ወይም ጎባን እመርጥላችኋለሁ። ሮቤ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ብዙም አትርቅም፤ ዲንሾ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ለከፍታ ሕመም ዋናው ነገር የሚታደርበት ቦታ ነው፤ ቀን በመኪና ሳነቲ ላይ ወጥቶ ማታ ወደ ጎባ መውረድ፣ ድንኳን ተክሎ እዚያው ከማደር እጅግ ይቀላል። ድንኳን ማደር ካማራችሁ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከታየ ተጨማሪ መውጣት ይቁም፤ አረማመድ ከተዛባ ወይም በተቀመጡበት ትንፋሽ ካጠረ ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው። የ9 ዓመቱ ልጅ ሕመሙን በቃል ላይገልጽ ስለሚችል፣ ምግብ እንቢ ማለቱንና ያለወትሮው ዝምተኛ መሆኑን እንደ ምልክት ቁጠሩት።

ብርዱን አትናቁ። በበጋ ሰማዩ ስለሚጠራ ሳነቲ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ቀኑን ደግሞ ፀሐዩ ቆዳን ያቃጥላል። ለገናው ጉዞ ወፍራም ካፖርትም፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትም፣ ኮፍያም ያዙ። ለሐምሌው ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ቡት ጫማ ካልሆነ በቀር ጥጥ ልብስ መደራረብ አይጠቅምም፤ ከራሰ አይደርቅም።

መልስ (የዶሎ መና ልጅ)

ከሮቤው ወንድሜ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሐረናን ግን በስም ብቻ ጠቅሶ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ከሳነቲ ጫፍ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከጅብራው አስታ ወደሚባለው ቁጥቋጦ፣ ከአስታው ወደ ቀርቀሃው፣ ከዚያም ሰማይ ወደማያሳየው ደን ይገባሉ። በኢትዮጵያ ከቀሩት ታላላቅ ደኖች አንዱ ነው። ዛፎቹ ጢም የመሰለ ሽበት አንጠልጥለዋል። ከቀርቀሃው ውስጥ ባሌና አካባቢዋ ብቻ የሚገኘው የባሌ ጦጣ አለ፤ ዋና ምግቡ የቀርቀሃ ቅጠል ነው። ዝቅ ሲሉ ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና ከዛፎች ሥር በቅሎ ያገኛሉ፤ ለቀማው በአብዛኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በገና ሲመጡ ሰው ቤት ገብተው ከራሱ ከደኑ የተለቀመውን ቡና ተቆልቶ፣ ከሐረና ማር ጋር ይቀርብልዎታል። ማሩን የሚሰጠው ቀፎ ከረጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የሚውል ነው፤ በደኑ ውስጥ ባለችው በሪራ መንደር ገመድ ይዞ የሚወጣ ሰው ካገኙ ልጆቹ ሳያዩ አይለፉ።

ክረምቱንም ቢሆን ስለ ጉሙ ብቻ አንፍረደው። ደኑ እውነተኛ መልኩን የሚያሳየው ያን ጊዜ ነው፤ ሳነቲ ላይ ያሉት ረግረጎች ውሃ ሲሞሉም ባለ ረጅም አንገቱ ትልቅ ኩርኪ ጎጆ የሚሠራው በዝናቡ ወራት ነው። ነገር ግን ከሪራ ወደ ታች ያለው መንገድ ከባድ ዝናብ ከጣለ ያዳልጣል። እናትዎን ይዘው በክረምት ወደ ሐረና አይውረዱ፤ እርስዎና ባለቤትዎ ከልጆቹ ጋር በፎርዊል መኪና፣ መንገዱን በሚያውቅ ሾፌር፣ ጠዋት ወርዳችሁ ከቀትር በፊት ብትመለሱ ግን አትጸጸቱም።

ጠያቂ (ከፍራንክፈርት)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ይህን ያህል ዝርዝር አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። እንግዲያው ለሐምሌ ዲንሾንና ጋይሳይን ከእናቴ ጋር፣ ለገና ሳነቲንና ሐረናን ይዘናል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ባለቤቴ የሶፍ ዑመርን ዋሻ በሐምሌው ጉዞ ላይ ካልጨመርን ይለኛል፤ ይሆናል? ደግሞስ በመኪና ወይስ በአውሮፕላን መሄዱ ይሻለናል?

መልስ (አስጎብኚ፣ ከሮቤ)

ሶፍ ዑመርን በሐምሌ አይሞክሩት። ከሮቤ በስተምሥራቅ በጎሮ በኩል የሚደረስበት ይህ ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ የፈጠረውም አሁንም በውስጡ የሚያልፈው የዌብ ወንዝ ነው። ዋሻውን ለማቋረጥ ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ያስፈልጋል። ይህ ወንዝ ውሃውን የሚያመጣው ከእነዚሁ ተራሮች ስለሆነ፣ በዋሻው በር ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ እንኳ ላይኛው አገር የጣለው ዝናብ በድንገት ሊሞላው ይችላል። በገና ውሃው ስለሚጎድል የአካባቢው መሪ ባትሪ ይዞ ያስገባችኋል። ቦታው ዝቅተኛና ሞቃት ነውና ከሳነቲ ማግስት ካፖርቱን ሆቴል ትታችሁ ሂዱ። በስማቸው የተጠራው የሼኽ ሶፍ ዑመር መታሰቢያ፣ ሰዎች ለዚያራ የሚሄዱበት የተከበረ ሥፍራ በመሆኑ ልጆቹ በጸጥታና በተገቢ አለባበስ እንዲገቡ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ስለ መጓጓዣው፣ በሐምሌ በመኪና እንድትመጡ እመክራለሁ፤ ከአዲስ አበባ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቀን ሙሉ የሚፈጅ ቢሆንም፣ የአርሲና የባሌ የስንዴ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይበት ወቅት ነው። ለእናትዎ መንገዱ ከረዘመባቸው ሐዋሳ ወይም ሻሸመኔ ማደር ይቻላል። በገና ጊዜው ስለሚያጥር ወደ ሮቤ በሚደረገው በረራ መጥታችሁ መኪና ከዚህ ብትከራዩ ይሻላል፤ የበረራው ቀናት ስለሚለዋወጡ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ። በየትኛውም ጊዜ ቢሆን ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታ እዚሁ ያለ ሰው ጠይቁ፤ ጉዞውም በቀን ብቻ ይሁን። ወደ ፓርኩ ከመግባታችሁ በፊት ዲንሾ ላይ ወይም ጎባ በኩል ክፍያውን ፈጽማችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ ከጎባ ወደ ሳነቲ ስትወጡም ነዳጁ ሙሉ ይሁን፤ እስከ ዶሎ መና ድረስ ማደያ አገኛለሁ ብሎ መንገድ መጀመር አይገባም።