ባሕር የወሰደው ሰፈር፤ እንግዳ ሆኖ መሄድ እርዳታ ነው?

አወያይ፦
የዛሬው የቅዳሜ ክርክር ከራሳችን ቤት የወጣ ነው። ለአዲስ አባላት ያህል፣ በየወሩ የምናዋጣው የጉዞ ገንዘብ አለን፤ እስካሁን ከፋ ጫካና ላንጋኖ አድርሶናል። ባለፈው ሳምንት አስጎብኚው ወንድማችን ከስሪላንካ ደቡባዊ ዳርቻ ሲመለስ አንድ ሐሳብ ይዞ ወደ ጅማ ገባ። ማዕበል የመታው ሰፈር የሚቆመው መንገደኛ ሲመለስለት ነው፤ ስለዚህ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት ዳርቻ ስንሰማ ጉዟችንን ወደዚያ እናዙር ይላል። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ተቆጣ። እንግዲህ ተከራከሩ፤ ይህ እርዳታ ነው ወይስ በሰው ሐዘን ላይ ሽርሽር? ስድብ የለም። ረጅም የድምፅ መልእክትም የለም፤ ባለፈው የአሥራ አንድ ደቂቃ የላከው ሰው ራሱን ያውቃል።

አስጎብኚው፦
ሐሳቤ ተቆርጦ ስለተወራ ከመጀመሪያው ልናገር። ያረፍኩበት ቤት አራት ክፍል ብቻ ያለው ነው። ባለቤቲቱ ከሳሎኗ ግድግዳ ላይ፣ ከራሷ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የተሠመረ ሰማያዊ መስመር አሳየችኝ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ውኃው የደረሰበት ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል፤ መስመሩን ግን ቀለም ቀቢው እንዳይነካው ራሷ ቆማ ታስጠብቃለች። የዚያን ዕለት በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት አጠገብ ከባሕር በታች መጠኑ 9.1 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሳው ማዕበል በአሥራ አራት አገሮች ወደ 230,000 ሰው ገድሏል። ከእነዚህ ውስጥ ስሪላንካ ብቻዋን ከ30,000 በላይ ቀብራለች። ፔራሊያ በምትባል መንደር ባቡር ከነተሳፋሪው ተገልብጦ ከ1,000 በላይ ሰው አልቋል።

ሴትዮዋ የነገረችኝ ይህ ነው። እርዳታው ፈጥኖ መጣ፤ ሩዝ፣ ድንኳን፣ ብርድ ልብስ። የመጀመሪያው እንግዳ ግን በሯን ያንኳኳው ከስድስት ወር በኋላ ነበር። "ሩዙ አበላኝ፣ እንግዳው ግን ሥራዬን መለሰልኝ" አለችኝ። አንድ ሰው ሦስት ሌሊት ሲያድር ዓሣ ሻጩ ይሸጣል፣ አጣቢዋ አንሶላ ታጥባለች፣ ባለ ባጃጁ ይጭናል። እዚያም እንደ እኛው ባጃጅ ነው የሚነዱት።

የመድኃኒት ባለሙያዋ፦
ወንድሜ፣ ልብህ ደግ ነው። ግን የምትናገረው ስለ ስድስተኛው ወር ነው፤ በቡድናችን የተጻፈው ሐሳብ ደግሞ "አደጋ የደረሰበት ስንሰማ" ይላል። ሰምቶ መሮጥ ምን እንደሚያመጣ ከእኔው ሙያ ልንገራችሁ። ከዚያው ማዕበል በኋላ ወደ አቼ፣ ኢንዶኔዥያ፣ 4,000 ቶን ገደማ መድኃኒት ተላከ። የክልሉ ሕዝብ አራት ሚሊዮን ገደማ ነበር። አብዛኛው የተጻፈበትን ቋንቋ እዚያ ያለ ባለሙያ አያነበውም፤ አገልግሎት ጊዜው ያለፈበት ወይም ሊያልፍበት የተቃረበም ነበረበት። እኔ አንድ ካርቶን ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለማስወገድ ስንት ፊርማ እንደምሰበስብ አውቃለሁ። እነዚያ ሰዎች ሙታናቸውን ሳይቀብሩ የእኛን ቸርነት ማቃጠያ ቦታ ሲፈልጉ አስቡት።

ገንዘቡም ቢሆን ልክ አለው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ገና በዚያው በታኅሣሥ ወር 1997 ዓ.ም. መጨረሻ "ለዚህ አደጋ ይበቃናል፣ ሌላ ቦታ እናውለው" ብለው መዋጮ መቀበል አቁመው ነበር። ስለዚህ እኔ "ሂዱ" ለሚለውም "ላኩ" ለሚለውም ቶሎ አልፈርምም። መጀመሪያ ይጠየቁ።

የቡና ነጋዴው፦
እኔ ከአስጎብኚው ጋር ነኝ፤ ምክንያቴም ከጅማ አይወጣም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። አባቴ ቀይ ቡና ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ለመጓጓዣው የማይበቃ ዋጋ ተሰጠው። ጎረቤታችን ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ያን ጊዜ ስንዴ ይዞ የመጣ ነበር፤ ተበላ፣ አለቀ። አባቴ ሲመኝ የኖረው ገዢ ነበር። ዕቃውን የሚገዛው ሰው ፊት ለፊቱ ሲቆም ሰው ቀና ይላል። ዳርቻ ላይ ያለ ሰው የሚሸጠው ባሕሩን፣ አሸዋውን፣ አልጋውን ነው። ገዢ ከራቀበት ሁለተኛ ማዕበል ነው።

ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ገዢው በምን ዋጋ ነው የሚመጣው? የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አደጋ በደረሰ ማግስት ሆቴሎች ዋጋቸውን ይቀንሳሉ፤ መንገደኛውም "ለመርዳት ነው የመጣሁት" እያለ በግማሽ ዋጋ ያድራል። ግማሹ ከማን ደመወዝ ላይ እንደሚቀነስ ለእርስዎ አልነግርም። የአባትዎን ቡና በዚያ ዓመት በርካሽ ገዝቶ ያከማቸው ሰውም እኮ "ገዢ" ነበር።

የቡና ነጋዴው፦
ልጄ፣ እዚህ ላይ ነካሽኝ። ያከማቸውን ሰው አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ሕንፃ አለው። ይሁን፤ ገዢ ስል በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ብለሽ አንብቢልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ክርክሩን ላቋርጥ። የሁለት ወር መዋጮ ያልከፈሉ ሰባት ሰዎች አሉ፤ ከሰባቱ አራቱ እዚህ ላይ ስለ ሙሉ ዋጋ ሲናገሩ እያነበብኩ ነው።

የታሪክ መምህሩ፦
የሆቴሉ ዋጋ ቀላሉ ነው። ከባዱ መሬቱ ነው። ስሪላንካ ውስጥ ከማዕበሉ በኋላ መንግሥት በደቡብና በምዕራብ ከባሕሩ 100 ሜትር፣ በሰሜንና በምሥራቅ 200 ሜትር ድረስ ቤት መሥራት ከለከለ። ለደኅንነት ነው ተባለ፤ ምክንያቱም የማይረባ አልነበረም። ነገር ግን ዓሣ አጥማጁ ጎጆውን እንዳይመልስ ሲከለከል ለሆቴል ተፈቀደ። ጀልባውን ከደጁ የሚገፋ ሰው ወደ ውስጥ ገብተህ ኑር ሲባል፣ በቀድሞ ደጁ ላይ እንግዳው ፎጣ አንጥፎ ተኛ። ደንቡ ብዙ ጩኸት ከተሰማበት በኋላ ላላ። እኔ የምፈራው ይህን ነው። "መንገደኛ ይመለስ" የሚለው መፈክር ሰፈሩን ከሰፈሩ ሰው ለመንጠቅ ምቹ ነው። እንግዳ ሲጠበቅ ቤት ይጸዳል፤ ድሃም አብሮ የሚጠረግበት ጊዜ አለ።

አስጎብኚው፦
መምህር፣ አልክድም፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። ግን ያ የባለ አራት ክፍሏ ሴትዮ ጥፋት ነው? መንገደኛው ሳይመጣ ቢቀር ተጎጂዋ እሷ ነች፤ ትልቁ ሆቴል ባንክ አለው። ደግሞ ሁሉም እንግዳ ፎጣ አንጥፎ አይተኛም። ታይላንድ ውስጥ ፊፊ ደሴትን ተመልከቱ። ሁለት ተራራ በቀጭን አሸዋ የተያያዘ ቦታ ነው፤ ውኃው ከሁለቱም ወገን ገብቶ መሐሉን ጠረገው። ሻንጣቸውን በጀርባ አዝለው የሚዞሩ ወጣቶች ለወራት ፍርስራሽ በአካፋ ሲጠርጉ፣ ጠላቂዎች ከባሕሩ ወለል ላይ ቆርቆሮና ፍራሽ ሲያወጡ ከረሙ። ማታ ደግሞ የቀረችውን አንዲት ሻይ ቤት ያሞቋት ነበር።

ሾፌሩ፦
ጠላቂ ሌላ ነው። መዋኘት የማይችለው የእኛ ቡድን ምን ያወጣል?

እኔ ስለ ባሕር አላውቅም፤ መንገድ አውቃለሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ፣ ተራራው ሲናድ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። መጀመሪያ የተናደው ጥቂት ቤት ነበር። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ በእጁ ሊቆፍር ሮጠ፤ ሁለተኛው ናዳ የወረደው በእነዚያ ላይ ነው። ከ200 በላይ ሰው ከሞተበት ከዚያ አደጋ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ናቸው። እነሱን የሚወቅስ አንደበት የለኝም፤ ወንድሙ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ማን ይጠይቃል? እኔ ግን ከቀናት በኋላ እህል ጭኜ በዚያ አቅጣጫ ስሄድ፣ ሁለት መኪና በማያሳልፍ ጭቃ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና አገድማ ቆማ አገኘኋት። ውስጥ ያሉት የመጡት "ለማየትና ለማጽናናት" ነው። ጎማቸውን ከጭቃው ለማውጣት ከጭነቱ ላይ የወረዱ ሰባት ሰዎች ሁለት ሰዓት ገፉ። እህሉ ያን ሌሊት አልደረሰም። ማጽናኛችሁ ይህ ከሆነ ቅሩ።

የዕድር ጸሐፊዋ፦
ልጆቼ፣ እናንተ ባሕር ማዶ ትሄዳላችሁ እንጂ ነገሩን እኛ በየሳምንቱ እናየዋለን። ለቅሶም ይሁን ተዕዚያ፣ ጅማ ውስጥ ሰው ሲሞት በመጀመሪያው ቀን መቀመጫ አይገኝም። ወንበሩ ይሞላል፣ ድስቱ ይሞላል፣ እንባውም እንደዚያው። ሐዘንተኛው ምግብ እንዳይቀርበት ስንት እናት እንጀራ ጭና ትመጣለች! ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ ግን ያች ባሏ የሞተባት ሴት ከነልጆቿ ዝም ባለ ግቢ ትቀራለች። ከዕድራችን መዝገብ የማውቀው፣ በሁለተኛው ወር ሄዶ "የቤት ኪራዩ እንዴት ሆነ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው በጣት ይቆጠራል። ያች የስሪላንካ ሴት ስድስት ወር ያለችው ይኼን ነው። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ሂዱ። ሄዳችሁም የእሷን ወጥ አትብሉባት፤ ገዝታችሁ ብሉ።

ተማሪዋ፦
እትዬ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ለቅሶ የሚደረሰው ለሚያውቁት ሰው ነው። ማዕበሉ ወደ እኛም ጎረቤት መጥቶ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? ከሱማትራ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ከሰባት ሰዓት ያህል በኋላ ሶማሊያ ደረሰ። ሐፉን የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ፈረሰች፤ በሶማሊያ ወደ 300 ሰው ሞተ። ከፊፊ ይልቅ ለጅማ የምትቀርበው እሷ ናት። ሐፉን ላይ ግን ፎጣ ያነጠፈ መንገደኛ አልነበረም፤ ስለዚህ "የምወዳት ዳርቻዬ" ብሎ የሚያለቅስላት፣ ገንዘብ የሚያሰባስብላት ጎብኚም የላትም። አስጎብኚው የሚለው መንገድ ቢፈቀድ እርዳታችን የሚሄደው ፎቶው ወደሚያምረው ባሕር ነው።

አስጎብኚው፦
ይህን መልስ የለኝም። ሃያ አምስት ጊዜ ስለዚያ ማዕበል ለእንግዶች ተርኬአለሁ፤ ሐፉንን አንድ ቀን አንስቼ አላውቅም።

የቡና ነጋዴው፦
ታዲያ ሐፉን ሽርሽር እንሂድ?

ተማሪዋ፦
አይደለም ጋሼ። መሄድ በማይቻልበት ይላካል፤ መሄድ በሚቻልበት ዘግይቶ፣ በሙሉ ዋጋ፣ ትንንሽ ቤት ውስጥ ይታደራል። ሁለቱን አንድ መዝገብ ውስጥ አታስገቡብኝ ነው የምለው።

የመድኃኒት ባለሙያዋ፦
ሲላክም ተጠይቆ። ስሪላንካ ውስጥ ሁሉም ረጂ ጀልባ መስጠት ስለወደደ አንዳንድ ዳርቻ ላይ ከአጥማጁ ቁጥር በላይ ትንንሽ ጀልባ ተከማችቶ ነበር፤ ከጥራት ጉድለት የተነሳ ባሕር የማይደፍሩም ነበሩበት። ጀልባ ፎቶ ላይ ያምራል፤ መረብና ሞተር ግን ማንም አላስታወሰም የሚሉ ነበሩ።

አወያይ፦
እስካሁን ድምፅ ሳልሰጥ የቆየሁት ሥራዬ ስለሆነ እንጂ ሐሳብ አጥቼ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ከተቆጡት አንዱ ነበርኩ። አሁን ከእትዬ ድንኳን ጋር ነኝ፤ የመምህሩ 100 ሜትር ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። ከመሄዳችን በፊት ክፍሉ የማን እንደሆነ፣ መሬቱ የማን እንደነበረ መጠየቅ ይኖርብናል። ይህን የሚጠይቅ ተጓዥ ደግሞ አሰልቺ ተጓዥ ነው፤ አውቃለሁ። ሌላ የሚጨምር አለ? ባለ ጀበናዋ ስታነብ ትታየኛለች።

ባለ ጀበናዋ፦
እኔ ክርክር አልችልም፤ የደረሰብኝን ልጻፍ። አንድ ክረምት አዌቱ ሞልቶ ወንዙ ዳር ያለችው ቤቴ ውስጥ እስከ ጉልበት ገባ። ረከቦቱ ተሰበረ፣ ሲኒዎቹ ከጭቃ ጋር ሄዱ፣ ባለ ሦስት እግሮቹ በርጩማዎች ድልድዩ ሥር ተገኙ። በማግስቱ ስልክ አንስቶ የሚቀርጽ ሰው ከደንበኛ በለጠ። አንዱ "ትንሽ ወደ ውኃው ጠጋ በይ" አለኝ። አሮጌ ልብስ ያመጡም ነበሩ፤ ሁለት የሠርግ ቀሚስ ነበረበት።

ሁልጊዜ ጠዋት የሚመጣ አንድ ጡረተኛ ደንበኛ ነበረኝ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ግድግዳው ገና ሳይደርቅ፣ በሩ ላይ ቆሞ "የሦስት ወር ቡና ስንት ይሆናል?" አለኝ። እየሳቅሁ አሰላሁለት። ቆጥሮ ሰጠኝና "ጀበና ስትገዢ ጥሪኝ" ብሎ ሄደ። በእሱ ብር ሲኒና ከሰል ገዛሁ። ከዚያ በየጠዋቱ እየመጣ ጠጣ፤ እንደ ሌላው ሰው ቡናው ቀጠነ ብሎም ይቆጣኝ ነበር። ቁጣው ደስ ይለኝ ነበር።

የቡና ነጋዴው፦
ቤትሽ ድልድዩን ተሻግሮ ያለችው ናት? ነገ ጠዋት እመጣለሁ።

ባለ ጀበናዋ፦
ነገ እሑድ ነው፤ ዝግ ነኝ። ሰኞ ይምጡ። መዋጮዎን ግን መጀመሪያ ይክፈሉ፤ ከሰባቱ አንዱ እርስዎ ነዎት።