ኮምቦልቻ ለሚማር ልጅ ጌሚንግ ላፕቶፕ ያዋጣል ወይስ ዴስክቶፕ?

የቦርከና ልጅ

ሰላም ያ ጀማዓ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሜካኒካል ለሚማር ታናሽ ወንድሜ ማሽን ልንገዛ ነው። ሶሊድወርክስና አውቶካድ (የዲዛይን ፕሮግራሞች) ይፈልጋል፣ ማታ ደግሞ ጌሙን አይተውም። ቅዳሜና እሁድ ደሴ ይመጣል። ያለን ብር አርቲኤክስ 4050 ግራፊክስ ካርድ ያለው አዲስ ወይም 4060 ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል። በዚያው ብር የተሻለ ዴስክቶፕ ይገኛል የሚሉም አሉ። መብራቱ እንደምታውቁት ነው። ጥቅሙንም ጉዳቱንም ሳታሽሞነሙኑ ንገሩኝ።

ጦሳ ስር

በየሳምንቱ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ልጅ ላፕቶፕ ነው የሚያዋጣው። ግን እወቀው፤ የምትገዛው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዛወር ማሽን ነው፣ ጭን ላይ አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ በባትሪ የሚሠሩበት አይደለም። ራሱ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ቻርጀሩ ብቻውን ግማሽ ኪሎ ያልፋል። ጌም ሲከፈት ማራገቢያው ይጮኻል፤ ዶርም ውስጥ የተኛ ካለ ጠብ ነው።

ካርዱን በስሙ ብቻ አትግዛ። ያው 4060 አንዱ ላፕቶፕ ላይ 45 ዋት፣ ሌላው ላይ 115 ዋት ይሰጠዋል። በ45 ዋት የታሰረው 100 ዋት ከሚያገኝ 4050 ሊያንስ ይችላል። ሻጩ ይህን አያውቅም። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ከፍተህ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ «ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር» የሚለውን እይ፣ ቁጥሩ እዚያ አለ።

የ4060 እውነተኛ ብልጫ ሜሞሪው ነው፣ 8 ጊጋ ከ6 ጊጋ። አዳዲስ ጌሞች ላይ ቴክስቸሩን (የምስሉን የገጽታ ጥራት) ሃይ ስታደርገው 6 ጊጋው ሞልቶ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ያኔ ቴክስቸሩን ወደ ሚዲየም ማውረድ ነው። ለሶሊድወርክስ ሁለቱም ይበቃሉ። ሶሊድወርክስ በይፋ የሚደግፈው የዎርክስቴሽን ካርዶችን ቢሆንም እንደ እነዚህ ባሉ የጌም ካርዶች (ጂፎርስ) ላይም ይሠራል። ትልቅ አሴምብሊ (ከብዙ ክፍሎች የተገጣጠመ ሞዴል) ላይ የሚያንቀራፍፈው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩና ራሙ ነው።

ስለ ራም ካነሳን፣ በዚህ ዋጋ ያሉት ብዙዎቹ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ብቻ ይዘው ይመጣሉ። አማካይ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ደህና ይመስላል፣ ጌሙ ግን በየመሀሉ ይደናቀፋል። ከላፕቶፑ ዋጋ ቀንሰህም ቢሆን ሁለተኛ ባለ 8 ጊጋ ጨምርበት። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይቀያየሩም፣ ጥርሱም አይገጥምም። ዲዲአር5 ከጨመርክ በኋላ መጀመሪያ ስትከፍተው ስክሪኑ ደቂቃዎች ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል። ራሙን እየለካው ነው፤ ተበላሸ ብለህ ፓወሩን እንዳትጫን።

ስክሪኑ ላይ ብዙም አትጠብቅ። 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚያድስ) ይሉሃል፣ ቀለሙ ግን በርካሾቹ ላይ የደበዘዘ ነው።

ሸዋ በር

መብራቱን በሚመለከት ልጨምር። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ሥራህ አይጠፋም፤ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው። ነገር ግን በባትሪ ብቻ ጌም እጫወታለሁ ካልክ ካርዱ ኃይሉ በጣም ይቀነስበታል፣ ባለ 60 ዋት ሰዓቱ ባትሪም አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው። ለጽሑፍና ለፒዲኤፍ ግን 4 ወይም 5 ሰዓት መሄድ አለበት። ያን ያህል ካልሄደ ከአምራቹ ሶፍትዌር ውስጥ ጂፒዩ ሞዱ ሃይብሪድ (ግራፊክስ ካርዱ ሲፈለግ ብቻ የሚሠራበት) ላይ መሆኑን አረጋግጥ። ለጌም ብለው ዲስክሪት (ካርዱ ሁልጊዜ የሚሠራበት) ላይ ያደርጉትና ረስተውት ባትሪው ሞቷል የሚሉ ብዙ ናቸው።

ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የመብራቱ መድከም አይገድለውም። የሚገድለው ከልክ በላይ መጨመሩ ነው። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት አለ፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ከፖሉ ላይ ኒውትራል የሚባለው ሽቦ ሲበጠስ 220 የነበረው ወደ 380 መንደርደሩ ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ንቀል፣ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰካ። ይህን የሚረሳ ልጅ ከሆነ ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ ቮልቱ ሲዛባ የሚቆርጠውንና ሲመለስ የሚያዘገየውን መከላከያ ግዛለት። ትንሽ ዩፒኤስ ለላፕቶፕ ብር ማባከን ነው፤ ለዋይፋዩ ከሆነ እሺ።

ቤት ሶላር ካለ ሒሳቡ ይኸው፦ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሊድ አሲድ ከሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቀም፣ ኢንቨርተሩም (የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው) ጥቂት ይበላል፣ ወደ 500 ይቀራል። ጌም ላይ 150 ዋት ለሚስብ ላፕቶፕ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ኢንቨርተሩ ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መስመር መብራት የተስተካከለ ሞገድ የሚሰጥ) ይሁን፤ አለበለዚያ ቻርጀሩ እዝዝ ሲል ትሰማዋለህ።

ሰኞ ገበያ

እኔ አልስማማም። የላፕቶፕ ካርድ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እሱ ሲሞት ቦርዱ አብሮ ይሄዳል፣ የቦርዱ ዋጋ ደግሞ የላፕቶፑን ግማሽ ይጠጋል። ዴስክቶፕ ላይ ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል ፓወር ሰፕላይ ነው የምትቀይረው። ከሦስት ዓመት በኋላ ካርዱ ሲያንስህም ካርዱን ብቻ ሸጠህ ሌላ ትገዛለህ፤ ላፕቶፕ ላይ የሚቀየረው ራምና ኤስኤስዲ ብቻ ነው። ርካሽ ያገለገለ ቢዝነስ ላፕቶፕ ለትምህርቱ፣ ደሴ ቤት ደግሞ ዴስክቶፕ። ልጁም ኮምቦልቻ ሲሆን ያጠናል!

ጦሳ ስር

@ሰኞ ገበያ፣ ጥገናው ላይ እውነትህን ነው። ግን ካርድ የሌለው ቢዝነስ ላፕቶፕ ላይ ሶሊድወርክስ ሞዴሉን ስታዞረው ይጎተታል፣ ፕሮጀክቱን የሚሠራው ደግሞ ዶርም ነው። ብሩ ለሁለት ከተከፈለ ሁለቱም ደካማ ይሆናሉ።

የቦርከና ልጅ

አላህ ይስጣችሁ። አንድ ያገለገለ 4060 አይተናል፣ ደህና ይመስላል፤ ግን ቻርጀሩ ሲሰካ ብረቱ እጅ ይነዝራል። ይህ ብልሽት ነው? ሌላስ ምን ላረጋግጥ?

ሐይቅ ዳር

አብሽር፣ መንዘሩ ብዙ ጊዜ ከላፕቶፑ አይደለም። ባለ ሦስት እግር ቻርጀር ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) በሌለው ሶኬት ወይም ኧርዙን በሚያስቀር ርካሽ አዳፕተር ሲሰካ ከቻርጀሩ የውስጥ ማጣሪያ የሚያመልጠው ትንሽ ኤሌክትሪክ ብረቱ ላይ ይቀራል። ኧርዝ ያለው ሶኬት ላይ ሰክተህ ሞክረው። እዚያም ከነዘረህ ወይ ቻርጀሩ ነው፣ ወይ የሶኬቱ ኧርዝ ለስሙ ነው።

ስትፈትሸው ቻርጀሩን ሰክተህ ከባድ ጌም 20 ደቂቃ አስኪድ። ሻጩ ለ5 ደቂቃ ቢያሳይህ ምንም አይነግርህም፣ ሙቀቱ ገና አልደረሰም። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ቢያሳይ አትደንግጥ። ካርዱ ግን 87 አካባቢ ደርሶ ፍጥነቱ ከወረደ ወይ አቧራ ዘግቶታል ወይ ፔስቱ (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቋል። ደሴ ላይ ሌላም ነገር አለ፦ 2500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በዚያው ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ግን ክፍሉ ይሞቃል፤ ስለዚህ ፍሬሙን 60 ላይ መገደብ ለሁለቱም ቦታ ይበጃል። ሙቀቱም ጩኸቱም ወዲያው ይወርዳል።

አቧራው በማራገቢያውና በመዳብ ክንፎቹ መካከል እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ነው የሚገኘው። ከውጭ ብትነፋው ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ። የጀርባውን ብሎኖች ፍታ፣ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በቦታቸው ቅደም ተከተል አስቀምጣቸው፣ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ንቀል፣ ከዚያ ማራገቢያውን አውጥተህ ጨርቁን በብሩሽ አንሳ። ስትነፋ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣትህ ያዘው። ፔስቱን ከመቀየርህ በፊት ግን ሞዴሉ በፔስት ፈንታ ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) ያለው እንደሆነና እንዳልሆነ አጣራ። አንዳንዶቹ አላቸው፤ እሱ ቦርዱ ላይ ከፈሰሰ ሾርት ያደርገዋል።

የባትሪውን ዕድሜ በዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት እይ፣ አዲስ ሳለ እንዲይዝ የተሠራበትንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያወጣልሃል። ከ70 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ቀንስበት። ደህና ከሆነም ዶርም ሁልጊዜ ተሰክቶ ስለሚውል ቻርጁን 80 በመቶ ላይ ገድበው፤ መብራት ይጠፋል ብለህ የምትሰጋበት ቀን ብቻ ሙላው። ላፕቶፑን ዘግተህም ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውና እይ። ማዕዘኑ ከተወዛወዘ፣ ወይም ታችፓዱ ከወትሮው ከፍ ብሎ አልጫን ካለ፣ ባትሪው አብጧል፤ ዋጋ መከራከሩን ትተህ ተነስ።