የዘይት ፓምፕ በግዴታ እንዲቀየር ታዟል፤ የፓምፑ ሴሪያል ቁጥር ግን መዝገባችን ላይ የለም

ጥያቄ፦ የጥገና ባለሙያ፣ ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ወንድሞችና እህቶች። ድሬዳዋ ላይ ለአንድ አነስተኛ ድርጅት ባለ አንድ ሞተር ተርቦፕሮፕ (ፕሮፔለሩን ተርባይን ሞተር የሚያዞረው) አውሮፕላን እጠግናለሁ። ሰሞኑን የደረሰን የአየር ብቁነት መመሪያ፣ በተወሰነ የሴሪያል ቁጥር ክልል ውስጥ ያሉ የሞተር ዘይት ፓምፖች እንዲቀየሩ ያዛል፤ ገደቡ ሊሞላ የቀረን 38 የበረራ ሰዓት ነው። ችግሬ፣ ሞተሩ ባለፈው ዓመት ውጭ አገር ኦቨርሆል ተደርጎ (ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ታድሶ) ሲመለስ የመጣው ወረቀት የፓምፑን ፓርት ቁጥር (የዕቃውን ዓይነት) እንጂ ሴሪያል ቁጥሩን (የዚያን አንድ ዕቃ መለያ) አለመያዙ ነው። ኃላፊዬ የዘይቱ ግፊት ደህና ስለሆነና ፍጆታውም ስላልጨመረ እስከሚቀጥለው ትልቅ ፍተሻ እንጠብቅ ይላሉ። ትናንት ቺፕ ዲቴክተሩን (በዘይቱ ውስጥ የብረት ቅንጣት የሚይዘውን ማግኔት) አውጥቼ አየሁት፤ ጫፉ ላይ ከስስ ጥቁር ዘይት በቀር ምንም የለም፣ በጣቶቼ መካከል ባሸውም የሚቆረቁር ነገር አላገኘሁም። ይህ በቂ ማስረጃ ይሆናል? ካልሆነስ ሥራው እዚሁ ይሠራ ወይስ አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ይሂድ?

መልስ፦ የመዝገብና የብቁነት ክትትል ባለሙያ

በቂ አይሆንም። ቺፕ ዲቴክተር የሚይዘው ቀድሞ የተፈቀፈቀ፣ ያውም በማግኔት የሚሳብ ብረት ነው፤ ከፋብሪካ ጉድለት ይዞ የወጣ ፓምፕ ግን እስከሚሰበርበት ደቂቃ ድረስ ጤነኛ መስሎ ሊሠራ ይችላል። መመሪያው የሚጠይቀው ፓምፑ እንዴት እየሠራ እንደሆነ ሳይሆን የትኛው ፓምፕ እንደሆነ ነው። ኃላፊዎ ምናልባት ከሰርቪስ ቡለቲን ጋር አምታተውት ይሆናል። ቡለቲን አምራቹ የሚሰጠው ምክር ነው፤ የአየር ብቁነት መመሪያ ግን በመንግሥት ባለሥልጣን የሚወጣ ግዴታ ስለሆነ፣ ገደቡ ካለፈ በኋላ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ አይደለም።

አንድ ነገር ላክል፦ አካሉንና ሞተሩን የተለያዩ አገሮች ሲሠሯቸው ሁለቱንም ወገን መከታተል ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሴስና ካራቫን የሚባለው ባለ አንድ ሞተር ተርቦፕሮፕ የአሜሪካ ሥሪት ሲሆን ፒቲ6 ሞተሩ ግን የካናዳ ስለሆነ፣ ስለ ሞተሩ መመሪያ የማውጣት ቀዳሚ ኃላፊነት የካናዳ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ውል በሆነው በቺካጎ ስምምነት አባሪ 8 መሠረት አውሮፕላኑን የመዘገበው አገር፣ በእኛ በኩል የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ መረጃውን እንዳለ ይቀበላል ወይም መርምሮ ተገቢውን እርምጃ ይወስዳል። ለኦቨርሆል ድርጅቱም ዛሬውኑ ጽፈው የፓምፑን ሙሉ መዝገብ ይጠይቁ፤ መልሱ እስኪመጣ ግን እጅዎን አጣጥፈው አይጠብቁ።

መልስ፦ ከፍተኛ የሞተር ቴክኒሺያን

ወንድሜ፣ ወረቀቱ ካልነገረዎት ፓምፑ ላይ ያለው ሳህን (ቁጥሮቹ የተጻፉበት ትንሽ ብረት) ይነግርዎታል። በመስታወትና በባትሪ መብራት የማይነበብ ከሆነ በጥገና መጽሐፉ መሠረት ፈተው ያንብቡት። ቁጥሩ ተፍቆ ከጠፋም በመመሪያው ክልል ውስጥ እንዳለ ቆጥረው ይቀይሩት፤ «ላይሆን ይችላል» ተብሎ የሚታለፍ ፓምፕ የለም። መጋዘን ያለውን መለዋወጫም ቢሆን ይመልከቱት፣ ብዙ መመሪያዎች እንዲህ ያለው ዕቃ ተመልሶ እንዳይገጠም ይከለክላሉና።

ስለ ቦታው፣ ድርጅታችሁ ለዚህ ሥራ ፈቃድ፣ መሣሪያና ባለፈቃድ ባለሙያ ካለው ድሬዳዋ ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ድሬ ላይ ሠርቼ አውቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ አቧራውን ስለሚያመጣ ሥራውን በማለዳ ይጀምሩ፣ እያንዳንዱን የተፈታ የዘይት መስመር ወዲያው በንጹሕ ክዳን ይዝጉ። ኦሪንጎቹ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያደርጉት የጎማ ቀለበቶች) ሁሉ አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌው ደህና ቢመስልም ሙቀት ስላደረቀው ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። አዲሱ ፓምፕ ሕጋዊ የመልቀቂያ ሰርተፊኬት (ለመገጠም ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት) ይኑረው፣ በላዩ ያለው ሴሪያል ቁጥርም ከሰርተፊኬቱ ጋር በዓይን ይመሳከር፤ ዛሬ እርስዎን ያስቸገረዎት ይህ ባለመደረጉ ነው። ከዚያ ብሎኖቹ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጥበቁ፣ ሎክ ዋየሩ (ብሎኖቹ እንዳይላሉ የሚያስረው ሽቦ) በሁለተኛ ሰው ዓይን ይታይ፤ ሞተሩም ተነስቶ የሚያፈስ ነገር መኖር አለመኖሩ ይፈተሽ። ሎግ ቡኩ ላይ የመመሪያውን ቁጥርና እትም፣ ቀኑን፣ የበረራ ሰዓቱን፣ የወጣውንና የገባውን ሴሪያል ቁጥር ይጻፉ።

መልስ፦ የካራቫን አብራሪ

እኔ የምጨምረው ከፊት ወንበር የሚታየውን ነው። ካራቫን ላይ ከሚገጠሙት ሞተሮች አንዱ በሆነው በፒቲ6ኤ-114ኤ ላይ የዘይት ግፊት በተለመደው ሥራ ከ85 እስከ 105 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ሲሆን ከ40 በታች አደገኛ ነው። ዘይቱ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ፕሮፔለሩንም ያገለግላል፦ የፕሮፔለሩን ምላጭ ወደ ሥራው አንግል የሚገፋው የዘይት ግፊት ስለሆነ፣ ግፊቱ ሲጠፋ በፕሮፔለሩ ውስጥ ያለው ስፕሪንግና ክብደቶቹ ወደ ፌዘር (ምላጩ በነፋሱ አቅጣጫ ወደሚቆምበትና ወደማይጎትትበት አንግል) ይወስዱታል። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በተራሮቹ አናት ስታልፍ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ኃላፊዎ ያስቡት። ገደቡ ሳይሞላ ልዩ ፈቃድ ሳያስፈልግ መብረር ይቻላል፤ ካለፈ በኋላ ግን የባለሥልጣኑ ልዩ የበረራ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ መመሪያው ራሱም ሊከለክለው ይችላል። ስለዚህ 38ቱን ሰዓት በሥራ ላይ አታሟጡት።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከረዳቴ ጋር ሳህኑን በመስታወት አነበብነው፤ ሁለተኛው አኃዝ በዘይት ተሸፍኖ ነበርና በጨርቅ ስንጠርገው ቁጥሩ በመመሪያው ክልል ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ፎቶውን ለኃላፊዬ ሳሳያቸው ሳያንገራግሩ የፓምፑን ትእዛዝ ፈርመዋል። መጋዘን ያለው አንድ መለዋወጫም በክልሉ ውስጥ ስለሆነ ቀይ ምልክት አስረን ለብቻው ቆልፈንበታል። ሥራው እዚሁ ይሠራል፤ ፓምፑ እስኪደርስም አውሮፕላኑ አይነሳም።