የወርድ ቴምፕሌቴ ሰንጠረዥ አስቸገረኝ፤ መላ ያላችሁ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ለዋጋ ማቅረቢያ፣ ለቃለ ጉባኤና ለዕድር መዋጮ የሚሆኑ ቴምፕሌቶች በወርድ 2016 አዘጋጅቻለሁ። ችግሬ ሰንጠረዡ ነው።

የራሴን የሰንጠረዥ ስታይል ሠራሁ፦ ፊደሉ ኒያላ፣ መጠኑ 10፣ የላይኛው ረድፍ ደመቅ ያለ፣ መደቡ ግራጫ። መስመሩና ቀለሙ እሺ ይላል። የፊደሉ መጠን ግን ወይ ፍንክች! ኖርማል በሚባለው የወርድ መነሻ ስታይል ላይ የሰጠሁትን 12 ይዞ ቁጭ ይላል። ኖርማልን ወደ 10 ሳወርደው ደግሞ ደብዳቤው በሙሉ ይኮማተራል።

ኖርማል የሰንጠረዡን ስታይል እንደሚጫነው ገብቶኛል። ታዲያ የቱ ይሻላል? ለሰንጠረዡ ጽሑፍ ብቻ የአንቀጽ ስታይል ልፍጠር? ወይስ ኖርማልን እንደነበረ መልሼ ለደብዳቤው ሌላ ስታይል ልስጠው? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን የድሮ ፋይሎቼ እንዳይበላሹ ፈራሁ።

ሌላው ጣጣ ኤክሴል ነው። ደንበኛ በፍላሽ ያመጣውን ስንለጥፍ የራሱን ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ የአምዱ ስፋትም ከወረቀቱ ይወጣል። እኔ ሳልኖር የምትሠራው ልጅ ሁሉንም በእጅ ከማስተካከል የምትድንበት አቋራጭ ካለ ብትነግሩኝ?