«ድኝ ያው ድኝ ነው»?

የቦርከና ዳር፦ ኮምቦልቻ ላይ ለሽንኩርት አምራቾች ስለ ድኝ (ሰልፈር) ማዳበሪያ «ድኝ ያው ድኝ ነው፣ ርካሹን ግዙ» እየተባለ ነው። ይህ ምክር ሰው ያከስራል! ሽንኩርት በሥሩ የሚስበው ሰልፌት (በውሃ የሚሟማ የድኝ ዓይነት) የሆነውን ነው። «90 በመቶ» የሚባለው ቢጫ ጠጠር ግን ገና ሰልፌት ያልሆነ ድኝ ነው፤ የአፈር ባክቴሪያ ሰልፌት እስኪያደርገው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ከችግኙ ጋር የገባው በ40ኛው ቀን መስመሩ ሲቆፈር ገና ቢጫ እንደሆነ በጣት ይለቀማል።

ካሉ አጠጪ፦ ወንድሜ፣ «ርካሹን ግዙ» ያለው ምን አጠፋ? 10 ኪሎ ጠጠር ውስጥ 9 ኪሎ ድኝ አለ። ይህንኑ ከኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ካለው ማዳበሪያ) ለማግኘት ወደ 130 ኪሎ ያስፈልጋል። መሬታችን ሞቃት ነው፣ ውሃም አለ፤ ባክቴሪያው ይሠራል።

የቦርከና ዳር፦ መሥራቱንማ ይሠራል፣ ግን መቼ? ሽንኩርቱ ኮረት (ራስ) መያዝ ከጀመረ በኋላ የመጣ ድኝ ምን ይረባል? ጠጠሩን የፈለገ ሰው ከመትከሉ 2 ወር አስቀድሞ በእርሻ ከአፈር ያደባልቀው። ታዲያ «ያው ነው» ይባላል?

የሐይቅ ልጅ፦ በኪሎ ከምትከራከሩ በጥማድ አስሉት። 50 ኪሎ ኤንፒኤስ የሚሰጠው ድኝ 3.5 ኪሎ ብቻ ነው። በተተከለ በ3ኛው ሳምንት 25 ኪሎ አሞኒየም ሰልፌት ከመስመሩ ጎን አስገብቶ አፈር ማልበስ ነው፤ 6 ኪሎ ድኝ ይጨምራል። 5 ኪሎ ናይትሮጅንም አብሮት ስለሚገባ ከዩሪያው 11 ኪሎ ይቀነስ። ይህን ሳይቀንስ ዩሪያውን እስከ መጨረሻ የሚያዘንብ ነው አንገተ ወፍራም፣ ቶሎ የሚበሰብስ ሽንኩርት የሚያወጣው።

ጦሳ ሥር፦ አሞኒየም ሰልፌት መሬት ያኮመጥጣል እኮ! ጂፕሰም (የካልሲየም ሰልፌት ማዕድን) እያለ ለምን? 50 ኪሎ ንጹሕ ጂፕሰም 9 ኪሎ ድኝ ይሰጣል፤ ካልሲየምም አለው፣ አያኮመጥጥም።

የሐይቅ ልጅ፦ ማኮምጠጥ ከተነሳማ ጠጠሩም ሰልፌት ሲሆን አሲድ ይፈጥራል፣ እሱን ለምን ዘለልከው? መጀመሪያ ፒኤች (የአፈሩ ኮምጣጣነት) ይለካ። ጂፕሰሙን አልጠላም፤ ግን ሰልፌት በውሃ ይታጠባል፤ የሽንኩርት ሥር አጭር ነው፣ ቦዩን ሞልቶ የሚያሳድር ሰው ከሥሩ በታች ያወርደዋል።

ካሉ አጠጪ፦ ቅጠል ቢጫ በሆነ ቁጥር ድኝ ትላላችሁ። ዩሪያ ጎድሎት ነው!

የቦርከና ዳር፦ የትኛው ቅጠል? የናይትሮጅን እጥረት ከታች፣ ከአሮጌው ይጀምራል። የድኝ እጥረት ከመሐል በሚወጣው ለጋ ቅጠል ላይ ነው የሚታየው። ለጋው ከገረጣ ዩሪያ ቢደፉበት አይመለስም።

ጦሳ ሥር፦ ደሴ ገበያ ዓይን የሚያቃጥለውን ሽንኩርት ነው የሚመርጠው፤ ያ ማቃጠል ከድኝ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በድኝ አትቆጥቡ።

ካሉ አጠጪ፦ እኔም አትቆጥቡ ነው ያልኩት፤ ለዚያ ነው ርካሹን ያልኩት!

የቦርከና ዳር፦ 40 ቀን መሬት ውስጥ ቆይቶ ጠጠር የሆነ ነገር ርካሽ አይባልም።