የሃርለም ወንዝ እና ማርብል ሂልን ከማንሃተን የለየው ቦይ

ጥያቄ (ካርታ ተመልካች)

የኒው ዮርክ ከተማን ካርታ ሳጠና ያልገባኝ ነገር ገጥሞኛል። ማርብል ሂል የሚባለው ሰፈር ከሃርለም ወንዝ በስተሰሜን፣ ከብሮንክስ ጋር በየብስ ተያይዞ ይታያል፤ በአስተዳደር ግን የማንሃተን ክፍል ነው። ወንዙ ሁለቱን ክፍለ ከተሞች የሚለያይ ሆኖ ሳለ፣ ድንበሩ እዚህ ቦታ ላይ ወንዙን የተሻገረው ለምንድን ነው? ደግሞም ወንዙ በአንድ ጫፉ ከሃድሰን፣ በሌላው ከኢስት ሪቨር ጋር ስለሚገናኝ፣ ምንጩ የት እንደሆነና ወዴት እንደሚፈስ የሚያስረዳኝ ካለ በጣም አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1 (የውሃ ነገር)

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። ሃርለም ወንዝ ተብሎ ይጠራ እንጂ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባሕር ሰርጥ ነው፤ ስለዚህ ምንጭም ሆነ አንድ ቋሚ የፍሰት አቅጣጫ የለውም። ኢስት ሪቨርም እንዲሁ ሰርጥ ሲሆን፣ ሃድሰን ግን እውነተኛ ወንዝ ሆኖ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከአፉ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ እስከ ትሮይ ከተማ ድረስ ይሰማበታል።

ውሃውን ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅሰው በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ነው። የአትላንቲክ ውቅያኖስ ሙላት ወደ ከተማይቱ የሚገባው በሁለት በር ነው፤ አንዱ በደቡብ በኩል በወደቡ አድርጎ ወደ ሃድሰን ይወጣል፣ ሌላው ሎንግ አይላንድን በሰሜን ዞሮ በደሴቱና በዋናው የብስ መካከል ባለው በረጅሙ የባሕር ክንድ፣ በሎንግ አይላንድ ሳውንድ በኩል ይመጣል። ይህኛው መንገድ ስለሚረዝም ከኢስት ሪቨር ጋር በሚገናኘው በሳውንዱ ምዕራባዊ ጫፍ ውሃው ሞልቶ የሚታየው ወደቡ ከሞላ ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት አንደኛው ጫፍ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፤ ውሃውም ከከፍታው ወደ ዝቅታው ይሮጣል፣ ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላም አቅጣጫውን ይለውጣል።

ምላሽ 2 (የድሮ ካርታዎች)

የድንበሩ ነገር የሚፈታው የቀድሞውን የውሃ መስመር ካዩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1895 ድረስ ሃርለምን ከሃድሰን ያገናኝ የነበረው ስፓይተን ዳይቪል የሚባለው ጥልቀት የሌለው ጠመዝማዛ የውሃ መስመር ሲሆን፣ እሱም ማርብል ሂልን በሰሜን በኩል ዞሮ ያልፍ ነበር። ኮረብታው በዚያን ጊዜ የማንሃተን ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ነበር ማለት ነው። ደሴቱን ከየብስ ጋር ያገናኘው የመጀመሪያው ድልድይ፣ በ1693 የተሠራው ኪንግስ ብሪጅ፣ የተዘረጋው በዚሁ የውሃ መስመር ላይ ነበር።

በ1825 ታላላቅ ሐይቆችን ከሃድሰን ጋር የሚያገናኘው ቦይ፣ ኢሪ ካናል፣ ከተከፈተ በኋላ ከመሀል አገር በሃድሰን የሚወርደው ጭነት በዛ። ወደ ሎንግ አይላንድ ሳውንድ የሚሄድ ጀልባ ግን የማንሃተንን ደቡባዊ ጫፍ መዞር ግድ ይሆንበት ነበር። መንገዱን ለማሳጠር ከማርብል ሂል በስተደቡብ ያለው መሬት፣ ዓለቱ ጭምር፣ በቀጥታ ተቆርጦ ቦይ ወጣለት፤ ሥራው በ1888 ተጀምሮ ቦዩ ጁን 17 ቀን 1895 በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ። ማርብል ሂልም በአዲሱ ቦይና በአሮጌው የውሃ መስመር መካከል ተከብቦ ደሴት ሆነ። በ1914 ገደማ አሮጌው መስመር በአፈር ሲደፈን ደግሞ ከብሮንክስ ጋር ገጠመ።

በሰው እጅ የተለወጠው የውሃው መንገድ ነው፤ የሕጉ ድንበር ግን የተደፈነውን መስመር ተከትሎ ባለበት ቀረ። በ1939 የብሮንክስ ክፍለ ከተማ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄምስ ላይንስ ሰፈሩ የብሮንክስ ነው በማለት ባንዲራ ይዘው ሄደው ተክለውበታል፤ ነዋሪዎቹ ግን በጩኸት ተቃወሟቸው። ክርክሩ የተዘጋው በ1984 የግዛቱ ምክር ቤት ሰፈሩ የማንሃተን መሆኑን በሕግ ካጸና በኋላ ነው።

ካርታ ተመልካች

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ይህ ውሃ ለመርከብ ጉዞ ያገለግል ነበር ወይ?

ምላሽ 3 (ድልድይና ግድብ)

ያገለግል ነበር፤ መብቱ የተጠበቀው ግን በትግል ነው። በ1810ሮቹ ሮበርት ማኮምብ በባሕሩ ሙላት ኃይል ወፍጮ ለማንቀሳቀስ ወንዙን አቋርጦ ግድብ ሠራ። ፈቃዱ ጀልባዎችን እንዲያሳልፍ የሚያስገድድ ነበር፤ እሱ ግን ያንን በተገቢው መንገድ አልፈጸመም። በ1838 ሉዊስ ሞሪስ የተባለ ባለርስት የድንጋይ ከሰል የጫነ መርከብ ይዞ ወደ ግድቡ መጣና እንዲከፈትለት ጠየቀ፤ እንቢ ሲባል አብረውት የነበሩት ሰዎች መርከቡ የሚያልፍበትን ያህል ግድቡን አፈረሱት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ውሃው የሕዝብ መተላለፊያ በመሆኑ ግድቡ ሕገወጥ መሰናክል ነው ተብሎ ለሞሪስ ተፈረደለት። እኔ ከቦዩ ምረቃ ይልቅ ይህን ውሳኔ አስበልጣለሁ፤ ወንዙ የአንድ ባለወፍጮ ኩሬ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ቦዩን ለመቆፈር የሚነሳ ሰው ባልተገኘም ነበር።

በ1848 ያለቀው ሃይ ብሪጅ ከከተማይቱ በስተሰሜን ካለው ከክሮተን ወንዝ የሚመጣውን የመጠጥ ውሃ በሃርለም ወንዝ ላይ ወደ ማንሃተን ያሻግር የነበረ የድንጋይ ቅስት ድልድይ ነው። ቦዩ ተከፍቶ ትልልቅ መርከቦች መመላለስ ሲጀምሩ፣ ወንዙ ውስጥ የቆሙት ምሰሶዎች መንገድ ዘጉ ተብሎ በ1920ዎቹ መጨረሻ በውሃው ላይ ያሉት ቅስቶች ተነሥተው በአንድ የብረት ቅስት ተተኩ። በስተምሥራቅ፣ በብሮንክስ በኩል ያሉት የድንጋይ ቅስቶች አሁንም አሉ።

ድንበሩን በሚመለከት ተቃራኒ ምሳሌም አለ። በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የቦዩን ምዕራባዊ ጫፍ ለማቅናት ከብሮንክስ ወጣ ብሎ የነበረ መሬት ሲቆረጥ፣ ከፊሉ ወደ ማንሃተን ዞሮ ዛሬ የኢንዉድ ሂል ፓርክ አካል ሆኗል።